ለእንስሳት ብዛት ሞዴል

እ.ኤ.አ. በ2003 የእብድ ውሻ በሽታ ባሌ ተራሮች ወብ ሸለቆ ገብቶ በሸለቆው የነበሩትን አብዛኞቹን ቀይ ቀበሮዎች ፈጀ። ቀበሮውን ሁሉ እያጠመዱ መከተብ የማይታሰብ ነበር። የእንስሳት ብዛት ሞዴል ምስጋና የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ የመንጋዎቹን መጠን፣ ልደትና ሞታቸውን፣ ሸለቆ ከሸለቆ የሚያገናኘውን መተላለፊያ አስልቶ፣ ከግማሽ በታች የሆኑትን ብቻ መከተብ ዝርያውን ለጥፋት የሚዳርገውን ትልቅ ወረርሽኝ ሊያስቀር እንደሚችል አሳየ። ጥናቱ በ2006 ታተመ። ጥቂት ክትባትና ጥቂት ሰው ላለው አገር ይህ ትልቅ ውለታ ነው።

እንቁራሪትን ወደ ቀድሞ መኖሪያዋ ለመመለስም ይኸው ስሌት ያስፈልጋል። የታንዛኒያው የኪሃንሲ ጉርጥ በ2000 ወደ አሜሪካ ከተወሰዱ 499 ጉርጦች ተራብቶ በ2012 ወደ ኪሃንሲ ፏፏቴ ተመልሷል። እንዲህ ባለ ሥራ፣ እንቁላል ለሚጥሉ ዝርያዎች፣ እንቁላል ይለቀቅ ወይስ ያደገ፣ በአንድ ጊዜ ወይስ በየዓመቱ የሚለው ጥያቄ የዝርያ ሕልውና ጥያቄ ነው፤ ከሺህ እንቁላል ለአቅመ መራባት የሚደርሰው እጅግ ጥቂት ነውና። «ሞዴል ግምት ነው፤ መረጃ በሌለበት ምን ይፈይዳል?» የሚሉ አሉ። ግምትነቱ እውነት ነው። ነገር ግን ያለ ሞዴል የሚለቅ ሰውም ይገምታል፤ ልዩነቱ የሞዴሉ ግምት ተጽፎ መቀመጡ፣ በሌላ ሰው መፈተሹና መታረሙ ነው። የትኛው የጎደለ ቁጥር ውሳኔውን እንደሚለውጥም ስለሚጠቁም፣ ለመስክ ጥናት የሚወጣው ጥቂት ገንዘብ የት ቢውል እንደሚበጅ ያሳያል። ለመጥፋት እጅግ የተቃረበችው የባሌ እንቁራሪት መኖሪያ የሆነው ደን እየተመናመነ ነው፤ የእንቁራሪት ገዳይ ፈንገስም በተራሮቹ ተገኝቷል። ለእሷ ይህ ስሌት መጀመር ያለበት ገና በጅረቷ ዳር ሳለች ነው።