ሰም ሲቀልጥ፦ የፍራንኮን የኋላ ዘመን ዘፈኖች ለወዳጅ ስለ መምረጥ

የዚህ ጽሑፍ መነሻ ለአንድ ወዳጄ ያዘጋጀሁት የዘፈን ስብስብ ነው። ዘፈኖቹ የኮንጎው ጊታር ተጫዋችና የዘፈን ደራሲ የፍራንኮ ሉዋምቦ ሲሆኑ ሁሉም የተሠሩት በሕይወቱ የመጨረሻ ዐሥር ዓመት ነው። ወዳጄ ቅኔ ቤት ያደገ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ መምህር ነው፤ ሊንጋላ አይሰማም። ዘፈን መርጦ ለወዳጅ መላክ ቀላል ስጦታ ይመስላል። ይሁን እንጂ መምረጥ መተውም ነውና እንዲህ ያለው ስብስብ በራሱ ሂስ ነው፤ ሂስ ከሆነ ደግሞ ሊዋሽ ይችላል። የእኔ የመጀመሪያው ስብስብ ዋሽቶ ነበር። እንዴት እንደዋሸ ማስረዳት ስለ ደራሲው የኋላ ሥራ ማስረዳት ሆኖ ስላገኘሁት እነሆ አቀርበዋለሁ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፍራንኮ በ1938 ተወለደ፤ በ1956 ኦኬ ጃዝ የተባለውን የሙዚቃ ጓድ ከመሠረቱት አንዱ ነበር፤ በጥቅምት 1989 ቤልጂየም ውስጥ ዐረፈ። የወጣትነት ዘመኑ ዘፈኖች በትንሽ ሸክላ አንድ ገጽ የሚያልቁ አጫጭር ሥራዎች ነበሩ። በ1980ዎቹ ግን አንድ ዘፈን ከዐሥር ደቂቃ አልፎ ይሄዳል። ዘገም ብሎ የሚጀምረው ዜማ ሰቤን ወደሚባለው ፈጣን የጊታር ክፍል ከመሻገሩ በፊት ደራሲው ይናገራል፣ ይመክራል፣ ይከራከራል፣ ይወቅሳል። ዘፈኑ የረዘመው በዜማ ብዛት ሳይሆን በንግግር ብዛት ነው።

የስብስቡ መክፈቻ «ታዬር» ነው፤ ልብስ ሰፊ ማለት ነው። ልብስ ሰፊው የሚሠራበትን መርፌ ባለቤቱ መልሶ ወስዶበታል፤ ከእንግዲህ በምን ይሰፋል? ሰሙ ይኸው ነው። የኪንሻሳ አድማጭ ወርቁን ከሥልጣኑ የወረደ አንድ የሕግ ሹም አድርጎ ተረጎመው። ፍራንኮ በ1978 ብልግና አለባቸው በተባሉ ዘፈኖች ሳቢያ ታስሮ ነበርና በግልጽ መናገር የሚያስከፍለውን ዋጋ ያውቃል። ይህን ዐይነቱን ነገር በሊንጋላ «ምብዋኬላ» ይሉታል። ለወዳጄ ስጽፍለት ከቅኔ ይልቅ ከአሽሙር ጋር አዛመድሁለት። በቅኔ ሰሙንና ወርቁን የሚያጋጥማቸው ቃሉ ነው፤ ኅብሩ በሰዋስው የተሠራ ስለሆነ ታሪኩን የማያውቅም ሰው ቋንቋውን ካወቀ ይደርስበታል። ምብዋኬላ ግን ማጠፊያው ከቃሉ ውጭ ነው። ማን እንደተሻረና ማን እንደተሾመ ያላወቀ አድማጭ የልብስ ሰፊ ታሪክ ሰምቶ ይሄዳል። ወዳጄ ሲመልስልኝ፣ «ሰሙን ላክህልኝ፤ ወርቁን ብቻህን በላኸው» አለኝ።

ቀጥለው «ማሙ» (1984) እና «ማሪዮ» (1985) ይመጣሉ። በመጀመሪያው ሁለት ሴት ወዳጆች፣ አንዷ ባሏ ባሕር ማዶ ያለ፣ ይካሰሳሉ። በሁለተኛው አንድ የተማረ ወጣት በዕድሜ በምትበልጠው ባለጸጋ ሴት ጥሪት ይኖራል። በሁለቱም የድምጻዊው የማዲሉ ዜማና የፍራንኮ ጎርናና ድምፅ ይፈራረቃሉ። የመጀመሪያውን ስብስብ ሳዘጋጅ፣ ወዳጄ ቋንቋውን አይሰማምና ይሰለቸዋል ብዬ ንግግሩን ከሁለቱም ቆርጬ አወጣሁት። ጊታሩ ቀረ፤ ክሱ ጠፋ። ኋላ ሙሉውን ስልክለት ትርጉሙን ሳያውቅ፣ «ይህስ የእድር ሽምግልና ነው፤ አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ማንም አይቸኩልም» አለ። ትክክል ነበር። በኋላው ፍራንኮ ርዝመት ጌጥ አይደለም፤ ባለጉዳዩ አቤቱታውን እስኪጨርስ የሚሰጠው ጊዜ ነው። ዘፈኑን ያሳጠረ ሰው ምስክሩን አፉን ይዞታል።

ትልቁ ውሸት ግን የተውሁት ዘፈን ነበር። በ1984 ሞቡቱ ብቻውን ለቀረበበት ምርጫ ፍራንኮ «ካንዲዳ ና ቢሶ ሞቡቱ» የተባለውን ቅስቀሳ ሠራ፤ «እጩአችን ሞቡቱ» እንደ ማለት ነው። የምወደውን ደራሲ በዚህ ማስተዋወቅ አልፈለግሁም። ወዳጄ የመጀመሪያውን ስብስብ ሰምቶ፣ «ዜማው ደግ ነው፤ ሰውየው ግን አንድም ቀን አልተሳሳተም እንዴ?» ሲል ጠየቀኝ። አፍሬ ላክሁለት። ወዲያው የቅኔ ሰው ነውና፣ «ሙገሳ ከልክ ሲያልፍ ወርቁ ስድብ ይሆናል፤ ይህስ እንዲያ አይደለም?» አለኝ። ሐሳቡ ያጓጓል። ነገር ግን በዘፈኑ ውስጥ ይህን የሚደግፍ ማጠፊያ አላገኘሁም። አንድን ደራሲ ስለወደድነው ብቻ በሙገሳው ሥር የተደበቀ ተቃውሞ መፈለግ የሃያሲ ፈተና ነው። በ«ታዬር» ሰም ነበረ፤ በዚህ ዘፈን የለም። ለገዢው ሲዘፍን ሰሙ ቀልጧል።

ሰሙ ሌላ ጊዜም ቀልጧል፤ በ1987 በወጣው «አታንስዮን ና ሲዳ»። ከኤድስ ተጠንቀቁ ማለት ነው። የሁለቱ ዘፈኖች ርእስ አወቃቀር ትኩረት ይገባዋል። ሁለቱም በፈረንሳይኛ ስም ይጀምራሉ፤ መካከላቸው የቆመችው የሊንጋላዋ «ና» ናት። ይህች ቃል እንደ ገባችበት ቦታ የእኛን «የ»፣ «በ»፣ «ከ» እና «ጋር» ትተካለች። በመጀመሪያው ርእስ ገዢውን የ«እኛ» ታደርገዋለች፤ በሁለተኛው ከምን መጠንቀቅ እንዳለብን ትጠቁማለች። በዚህ ዘፈን ፍራንኮ በፈረንሳይኛና በሊንጋላ ወጣቱን፣ ወላጁን፣ ሐኪሙን፣ መንግሥታትን በየተራ ይጠራል። ተረት የለም፣ ልብስ ሰፊ የለም፣ መርፌ የለም። የበሽታው ስም በስሙ ይጠራል።

እንግዲህ ግልጽነት ብቻውን ምግባር አይደለም። ያው ድምፅ፣ በያው ግልጽነት፣ አንድ ጊዜ ዙፋንን አገለገለ፤ አንድ ጊዜ ሕይወትን። ልዩነቱን የሚፈርደው ሰሙ መኖር አለመኖሩ ሳይሆን የንግግሩ ዋጋ በማን ላይ እንደሚወድቅ ነው። በሁለተኛው ስብስብ የጊዜ ቅደም ተከተልን ጥሼ የሞቡቱን ዘፈን አራተኛ፣ «አታንስዮን ና ሲዳ»ን አምስተኛ ያደረግሁት ስለዚህ ነው። አድማጩ አንዱን ከሌላው ጋር እያስተያየ እንዲሰማ ፈለግሁ። የመጨረሻውን ዘፈን ያለ አራተኛው መስማት ደራሲውን ጻድቅ ማድረግ ነው፤ አራተኛውን ያለ መጨረሻው መስማት ደግሞ ሎሌ ብቻ ማድረግ ነው።

ወዳጄ ቃል በቃል እንድተረጉምለት የጠየቀኝ የመጨረሻውን ዘፈን ብቻ ነው። ምክንያቱን ቆይቶ ነገረኝ። ታላቅ እኅቱ በ1990ዎቹ ሞታለች። «እኛ ቤት ‘ሳንባ ነው’ ተባለ፤ ለቀስተኛውም እንደዚያው አለ። ሁሉም ወርቁን ያውቅ ነበር» አለኝ። በልጅነቱ የተማረው ጥበብ መደበቅን የሚያከብር ነው፤ እኔም አከብረዋለሁ። ያን ሌሊት ግን ትርጉሙን ስልክለት ከቃላቱ አንዱንም አላለሰለስሁም። ሲዳ የሚለውን ኤድስ ብዬ ጻፍሁ።