ስለ አንድ ትንሽ የብሔርተኞች ፓርቲ መዝገብና ፕሮግራም

የአንድን የፖለቲካ ፓርቲ ጠባይ ለማወቅ የሚሻ ሰው ስሙን፣ ደንቡንና ለሕዝብ የሚያሳየውን ሥዕል ይመርምር። እኔም የብሪታንያ ብሔራዊ ፓርቲ የተባለውን በእነዚህ በሦስቱ መርምሬ ያገኘሁትን ለወጣቶች አንባቢዎቼ አቀርባለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ስም። በእኛ አገር ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ በእንግሊዝ አገር ግን የፓርቲን ስም መዝጋቢ ይጽፈዋል። በ1994 በተደረገው የአውሮፓ ፓርላማ ምርጫ በዴቨን አንድ ሰው የሊበራል ዴሞክራቶችን ስም በአንዲት ፊደል ለውጦ «ሊተራል ዴሞክራት» ነኝ ብሎ ቀረበ። ከ10,000 በላይ ድምፅ አገኘ፤ እውነተኛው የሊበራል ዴሞክራቶች ዕጩ ግን በ700 ድምፅ ተሸነፈ። በ1998 የፓርቲዎች ስም በመዝገብ እንዲጻፍ ሕግ ሲወጣ እንዲህ ያለው ማደናገር ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር። ይሁን እንጂ መዝገቡ ስምን ከስም ይለያል እንጂ ሐሳብን አይመዝንም። ስለዚህ አንድ ፓርቲ በመዝገብ ስለ ተጻፈ ቅን ነው ማለት አይቻልም።

ሁለተኛ ስለ ደንብ። ይህን ፓርቲ በ1982 የመሠረተው ጆን ቲንዳል ነው። ፕሮግራሙ ስደተኛ እንዳይገባ ከመጠየቁም በላይ የገባው ተገዶ ይመለስ ይል ነበር፤ ኒክ ግሪፊን በ1999 መሪ ከሆነ በኋላ «በፈቃዱ ይመለስ» ወደሚል ቃል ተለዘበ። ደንቡ ግን ነጭ ያልሆነ ሰው አባል እንዳይሆን እንደ ከለከለ ቆየ። በ2009 የእኩልነትና የሰብአዊ መብት ኮሚሽን በፍርድ ቤት ከሰሰው፤ በ2010 አባላቱ ደንቡን ለወጡት። አዲሱም ደንብ አባል ለመሆን የሚያመለክተውን ሰው የፓርቲው ሹማምንት ቤቱ ድረስ ሄደው እንዲጠይቁት ያዝዝ ስለ ነበረ፣ ዳኛው ይህም አድልዎ አለበት አሉ። በሩን በዳኛ ትእዛዝ የከፈተ ሰው እንግዳ ተቀባይ አይባልም፤ ቃሉ ለዘበ እንጂ ልቡ እንዳልተለወጠ ከዚህ ይታወቃል።

ሰው አገሩን በመውደዱ አይነቀፍም። የድንበርን ጥበቃ መጠየቅም ነውር አይደለም። ፓርቲው በ2002 ሦስት የከተማ ምክር ቤት መቀመጫ ያገኘባት በርንሊ ቀድሞ በጥጥ ሥራ የታወቀች፣ በኋላ ፋብሪካዎቿ የተዘጉባት ከተማ ናት። ሥራ ያጣ ሠራተኛ ቢያማርር ብሶቱ እውነተኛ ነው። ነገር ግን «ምን እንሥራ?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው «እገሌ ይውጣ» ብሎ መመለስ ጥያቄውን መሸሽ ነው። ጎረቤቱ ቢባረር የተዘጋው ፋብሪካ አይከፈትም።

ሦስተኛ ስለ ሥዕል። ፓርቲው በ2009 ለምርጫ ባወጣው ማስታወቂያ ስፒትፋየር የተባለውን የጦር አውሮፕላን አሳየ፤ የአገሩን የጦር ጀግንነት ለማስታወስ አስቦ ነው። አውሮፕላኑ ላይ የተጻፉትን ፊደላት የመረመሩ ሰዎች ግን የ303ኛው ስኳድሮን መሆኑን አወቁ። ይህም አገራቸው በጀርመን ተይዛባቸው ወደ እንግሊዝ የተሰደዱ ፖላንዳውያን አብራሪዎች የተዋጉበት ጦር ነው። እንግዲህ ስደተኛ ይቅር የሚለው ፓርቲ የመረጠው የጀግንነት ምልክት የስደተኞች ሆኖ ተገኘ። ይህን ያወሳሁት ለማላገጥ አይደለም። የአገሩን ታሪክ በትክክል ያልተማረ ሰው ለአገሩ ማን እንደ ሞተላት ሊያውቅ እንደማይችል ለማሳየት ነው።

ፓርቲው በዚያው በ2009 በአውሮፓ ፓርላማ ሁለት መቀመጫ አገኘ። በ2010 በአገሩ ፓርላማ ምርጫ ከ500,000 በላይ ድምፅ ቢያገኝም አንድም መቀመጫ አላገኘም፤ በ2015 ድምፁ ወደ 1,667 ወረደ። በጥር 2016 ዓመታዊውን የምዝገባ ማረጋገጫና 25 ፓውንዱን በጊዜው ስላላቀረበ ከመዝገብ ተሰረዘ፤ በሚቀጥለው ወር እንደገና ተመዘገበ።

ወጣት አንባቢ ሆይ! እንዲህ ያለ ፕሮግራም በየትኛውም አገር፣ በየትኛውም ቋንቋ ሊቀርብልህ ይችላል። በቀረበልህ ጊዜ አገር የሚለው ቃል ስንት ጊዜ እንደ ተጻፈ አትቍጠር፤ በዚያች አገር ውስጥ ማን እንዳይኖር እንደ ተፈለገ ጠይቅ። ከዚያም የተባረረው ከሄደ በኋላ ለቀረው ሰው ምን ሥራ፣ ምን ትምህርት፣ ምን ዳኝነት እንደ ታሰበለት ፈልግ። ካላገኘህ ፊርማህን አታኑርበት።