የንጉሥ ጠባይ ከመዲናና ከጠረፍ ሲታይ

ስሙን ከሉቃስ ወንጌል የምናውቀው ጢባርዮስ ቄሣር እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ከ14 እስከ 37 ዓመት ድረስ በሮም ነገሠ። ጠባዩን ለኋላ ትውልድ የሣለው ታኪቱስ የተባለው የታሪክ ጸሐፊ ሲሆን፣ የጻፈውም ንጉሡ ከሞተ ከሰባ ዓመት በላይ ቈይቶ ነው። በታኪቱስ ብዕር ጢባርዮስ አሳቡን የሚሸሽግ፣ ሰውን ሁሉ የሚጠረጥር፣ በነገረ ሠሪዎች ክስ መኳንንቱን የሚያስፈጅ፣ በመጨረሻም በ26 ዓመት መዲናውን ትቶ በካፕሪ ደሴት የተቀመጠ ጨካኝ ሽማግሌ ነው። ይህን ያነበበ ሰው በዚያ ዘመን ዓለም በሙሉ ያለቀሰ ይመስለዋል። ነገር ግን ያው ታኪቱስ በ17 ዓመት የመሬት መናወጥ የእስያን ከተሞች ባፈረሰ ጊዜ ጢባርዮስ ለሰርዴስ ከተማ ገንዘብ እንደ ሰጠና የአምስት ዓመት ግብር እንደ ማረ ይመሰክራል። ስዌቶንዮስ የተባለውም ጸሐፊ፣ ግብር ይጨመር ብለው ለመከሩት አገረ ገዥዎች የደግ እረኛ ሥራ በጎቹን መሸለት እንጂ ቆዳቸውን መግፈፍ እንዳይደለ እንደ ነገራቸው ይተርካል።

ታሪኩ በዚህ ቢያልቅ፣ በመዲናው የተጠላው ንጉሥ ለሩቁ አገር መልካም ነበር ብለን መጽሐፉን በዘጋን ነበር። ታኪቱስ ግን እዚያ አልቆመም፤ እኛም የምናደንቀው በዚህ ነው። ከራይን ወንዝ ማዶ የሚኖሩት ፍሪስያውያን ድኾች ስለ ነበሩ ግብራቸው የከብት ቆዳ ብቻ ነበር፤ የቆዳውም ስፋት ተወስኖ አያውቅም። ኦሌንዮስ የሚባል የጦር አለቃ በላያቸው ሲሾም ግን መስፈርቱ የዱር በሬ ቆዳ እንዲሆን አዘዘ። ሕዝቡ አስቀድሞ ከብቱን፣ ቀጥሎ መሬቱን፣ በኋላም ሚስቱንና ልጆቹን አሳልፎ ሰጠ፤ አቤቱታው ሰሚ ባጣ ጊዜም በ28 ዓመት ሸፈተ። ቄሣሩ ስለ በጎች የተናገረው ቃል ራይንን ሳይሻገር ቀረ ማለት ነው።

አሁን ወደ አገራችን መጻሕፍት እንመለስ። የአፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ዳግማዊ ምኒልክ» በ1901 ዓ. ም. የታተመው በዚያችው በሮም ከተማ ነው። የአማርኛውን ለዛ ማንም አይክደውም። ነገር ግን ደራሲው የሚወደውን ንጉሥ ከፍ ለማድረግ ዐፄ ዮሐንስን ዝቅ ማድረግ የግድ መስሎታል፤ ይህም የጠባይ ሥዕል ሳይሆን የሙገሳ ቅኔ ነው። የጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ዜና መዋዕል ከዚህ ይልቅ ታጋሽና ዝርዝር አዋቂ ነው፤ ሆኖም ዓይኑ የቤተ መንግሥት ሰው ዓይን ነው። ማን እንደ ተሾመና ማን እንደ ዘመተ ይነግረናል፤ ተሿሚው ከደረሰበት አገር ገበሬ ጋር እንዴት እንደ ኖረ ግን ጉዳዩ አይደለም።

ጂንካ ላይ ተቀምጦ ለሚያነብ ሰው ይህ ጉድለት ጎልቶ ይታያል። በ1890 ዓ. ም. የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ከካፋ ተነሥቶ የኦሞ ወንዝ እስከሚገባበት ሐይቅ ድረስ ወረደ። ከጦሩ ጋር የነበረው ሩስያዊው መኰንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች ስለዚህ ዘመቻ መጽሐፍ ጽፏል፤ ክፉኛ ቈስሎ ያገኘውንም ሕፃን ቫስካ ብሎ ወደ አገሩ ወሰደው። ከዘመቻው በኋላ የአሪ ደጋ ገበሬ ለነፍጠኛው ገባር ሆኖ ተመደበ፤ እህሉንና ጉልበቱንም ሰጠ። ነፍጠኛው ከመንግሥት የተወሰነ ደመወዝ አልነበረውምና ገባሩ ደመወዙ ነበር። እንግዲህ የቆዳው ልክ ሳይወሰን የቀረው በፍሪስያውያን ዘንድ ብቻ አይደለም።

ዳግማዊ ምኒልክ በክፉ ቀን ራሳቸው ዶማ ይዘው እንደ ቈፈሩ የሚነገረው ደግነታቸው እውነት መሆኑን አንጠራጠርም። ዛሬ ደግሞ ንጉሡን በጭካኔ ብቻ የሚሥሉ ጸሐፊዎች ተነሥተዋል። በእኛ አስተያየት እነዚህም ከአፈ ወርቅ የራቁ አይደሉም፤ ሁለቱም ወገን የሚመረምረው የአንድ ሰው ልብ ነውና። ደመወዝ የሌለው ወታደር በገባር ላይ ከተመደበ የደጉም ሆነ የክፉው ንጉሥ ጠባይ አሪ ላይ ሲደርስ የወታደሩን መልክ ይይዛል።

ይህን አስቀድሞ ያስተዋለው ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነው። «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በሚለው ጽሑፉ ታሪክ ጸሐፊ የማያዳላ ልብ እንዲኖረው ይጠይቃል፤ ግብር እንዲወሰንና ሹም ሁሉ ደመወዝ እንዲቈረጥለትም ይመክራል። ንጉሡን ከማመስገንና ከመስደብ አልፎ የአገዛዙን አሠራር ስለ መረመረ፣ በዚያ ዘመን ከተጻፉት መካከል ለታኪቱስ የቀረበው እርሱ ነው እንላለን። የገባር አገልግሎት ከጣሊያን ወረራ በኋላ በወጡት አዋጆች ቀርቷል፤ ሆኖም ገብረ ሕይወት እንኳ የገባሩን ድምፅ በቃሉ አላሰማንም።

ለደቡብ ኦሞ ይህን ክፍተት በከፊል የሚሞላው፣ ሽትሬከርና ላይዳል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ከሐመሩ ባልዳምቤ አፍ ሰምተው እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1979 ዓመት በእንግሊዝኛ ያሳተሙት መጽሐፍ ነው። ባልዳምቤ የወገኖቹን ኑሮና ታሪክ የሚናገረው በራሱ አንደበት ነው። የእኛ አውራጃ የታሪክ መምህራን የገብረ ሥላሴን ዜና መዋዕል ሲያስተምሩ ይህንንም አጠገቡ ቢያኖሩት፣ የአሪ ሽማግሌዎችን ቃል ደግሞ ተማሪዎቹ ራሳቸው ከየቀበሌያቸው ጽፈው ቢያመጡ መልካም ነው።