ግራውን ሸፍነህ ቀኙን አንብብ

በእንጅባራ ከተማ በአንድ መጻሕፍት መሸጫ ደጃፍ ቆሜ ሳለሁ፣ ሁለት ወጣት መምህራን የኬሚስትሪ አጋዥ መጽሐፍ ገልጠው፣ በግራና በቀኝ ያሉትን አቶሞች በጣታቸው እየቈጠሩ «እኩል ነው፤ ደኅና ሥራ ነው» ሲባባሉ ሰማሁ። መጽሐፉን ተቀብዬ ባየሁት ጊዜ ግን፣ እንዲያ የተመሰገነው እኩልታ በፍጥረት ውስጥ ቦታ የሌላቸውን ሁለት ውሁዶች የያዘ ሆኖ ስላገኘሁት እጅግ አዘንሁ፤ ይህንም ለመጻፍ ተነሣሁ።

ናይትሬት ሁሉ፣ የሶድየም፣ የፖታስየምና የአሞንየም ጨውም ሁሉ በውሃ እንደሚሟሟ፤ ክሎራይድ ከብርና ከእርሳስ ጋር፣ ሰልፌትም ከባርየምና ከእርሳስ ጋር ሲገናኝ እንደሚዘቅጥ፤ ካርቦኔትና ፎስፌትም ከሶድየም፣ ከፖታስየምና ከአሞንየም በቀር ከሌላው ጋር እምብዛም እንደማይሟሙ ተማሪ ሁሉ በቃሉ ስለሚያወርደው በዚህ አልዘገይም። ይህን ያላጠና ሰው የሌላውን ሥራ ሊመዝን አይገባውም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ተማሪው ጥንድ የመተካካት አጸግብሮት እንዲጽፍ ሲታዘዝ፣ በግራ በኩል ካልሲየም ክሎራይድንና ሶድየም ፎስፌትን በትክክል ያስቀምጣል፤ ይኸውም በፊተኛው ከአንድ ካልሲየም ጋር 2 ክሎሪን፣ በኋለኛው ከአንድ ፎስፌት ጋር 3 ሶድየም አለ። አጋሮቹን ሲያለዋውጥ ግን በእግራቸው ሥር ያሉትን ትንንሽ ቁጥሮች እንደ ስንቅ አስይዞ ያሻግራቸዋል፤ ስለዚህም በቀኝ በኩል አንድ ካልሲየም ከአንድ ፎስፌት፣ 3 ሶድየምም ከ2 ክሎሪን ጋር ተጣብቀው ይገኛሉ። ቢቈጠር አንዱም አይጐድል፣ አንዱም አይተርፍ፤ ላቯዝዬ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1789 ባሳተመው መጽሐፍ ያጸናው የቁስ አለመጥፋት ሕግም የተጠበቀ ይመስላል። ነገር ግን በወጣችን ውስጥ የምንጨምረው ጨው አንድ ሶድየም ለአንድ ክሎሪን መሆኑን የሚያውቅ ሰው፣ 3 ለ2 የሆነውን ጨው ከወዴት ያመጣዋል? ያች ትንሽ ቁጥር ንጥረ ነገሩ ከአጋሩ ጋር የገባው ውል ናትና፣ አጋሩ በተለወጠ ጊዜ ውሉም አዲስ ይጻፋል። የካልሲየም ቫለንስ 2፣ የፎስፌት 3 ስለሆነ፣ ዝቃጩ 3 ካልሲየም ከ2 ፎስፌት ጋር የተዋሐደበት ይሆናል። ቀመሩ እንዲህ ከጸና በኋላ ብቻ፣ በግራ ከካልሲየም ክሎራይዱ ፊት 3፣ ከሶድየም ፎስፌቱ ፊት 2፣ በቀኝ ከገበታው ጨው ፊት 6 ይደረጋል።

ሕጌም ይህ ነው፦ የማንንም እኩልታ ስትመረምር ግራውን በእጅህ ሸፍነህ ቀኙን ብቻ አንብብ፤ እያንዳንዱ ውሁድ እንደ ባሕርዩ ብቻውን መቆም ይችል እንደ ሆነ ጠይቅ። ካልቻለ አትቍጠር፤ ግማሽ ማርክም አትስጥ።

ይህን ያወረሱኝ በዳንግላ ኬሚስትሪ ያስተማሩኝ መምህር ናቸው። አስኳላ ከመግባታቸው አስቀድሞ በዋሸራ ቅኔ የተቀኙ ሰው ስለ ነበሩ፣ እኔ በሰሌዳው ላይ ያችን ቁጥር ባሻገርሁ ጊዜ ጠመኔውን በአውራ ጣታቸው ጠርገው፣ «ልጄ፣ ቤቱን መታህ፤ ግሱን ግን ሰበርኸው» አሉኝ። ሌላ ቀን የገበታ ጨውንና ፖታስየም ናይትሬትን በውሃ በጥብጠው፣ ሁለቱን በአንድ ብርጭቆ ቀላቅለው ወደ መስኮቱ ብርሃን ቢያነሡት፣ ውሃው እንደ ምንጭ ጠርቶ ቀረ፤ ሁላችንም አዲስ ጨው ፈጥረን ስንጽፍ «ምንም አይዘቅጥም» ያለው አንድ ልጅ ብቻ ሙሉ ማርክ አገኘ። ቀጥሎም በጨው ውሃ ላይ የሲልቨር ናይትሬት ጠብታ ቢያንጠባጥቡ፣ ነጩ ዝቃጭ እንደ እርጎ ረጋ፤ በመስኮቱ አጠገብም ሲቈይ እየጠቈረ ሄደ። እንዲህ ያለ መምህር ከዚያ በኋላ አላየሁም።

በአዊ ምድር ይህ ዕውቀት እስከ እርሻው ይደርሳል። በባንጃ ቀይ አፈር ላይ ብርቱው ዝናብ ካልሲየሙን እያጠበ ስለሚወስደው አፈሩ ይኮመጥጣል፤ አሉሚንየሙም ሟሙቶ ከማዳበሪያው የሚወጣውን ፎስፌት ይዞ ይዘቅጣል፤ ገበሬውም «መሬቱ ማዳበሪያውን በላው» ይላል። የሁለቱም ቫለንስ 3 ስለሆነ ውላቸው አንድ ለአንድ ነው። ኖራ ሲበተን ግን ኮምጣጣነቱ ይበርዳል፣ አሉሚንየሙም ራሱ ሃይድሮክሳይድ ሆኖ ይዘቅጣል፣ ፎስፌቱም ለሰብሉ ይተርፋል። ከአባቱ ጋር ኖራ ሲበትን ያገኘሁት አንድ ተማሪ ይህንኑ እኩልታ በባዶው የኖራ ጆንያ ላይ በከሰል ጽፎ ቢያሳየኝ፣ ግራውን በመዳፌ ሸፍኜ ቀኙን አነበብሁ፤ ከአንዱ አሉሚንየም ጋር 3 ሃይድሮክሳይድ ተጽፎ ነበረ።