«ማያያዣ»ና «መጫኛ»፦ በአንድ የመኪና ጥገና መምሪያ ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሂስ

ለሙያ ተማሪዎች ወደ አማርኛ የተመለሰ አንድ የመኪና ጥገና መምሪያ በቅርቡ እጃችን ገብቶ ተመልክተነዋል። መምሪያው የሚያስተምረው በአሮጌ ባለማርሽ መኪናዎች ላይ የፍሪሲዮንና የሞተር ጎሚኒ ብልሽት ተለይቶ የሚታወቅበትን ዘዴ ሲሆን፣ በምሳሌነት የወሰደው በአገራችን ቮልስ እየተባለች የምትጠራውን መኪና ነው። የዚህች መኪና ምርት እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ቢያበቃም በመንገዶቻችን ላይ ዛሬም ስለምትታይ ምርጫው ተገቢ ነው። ሥዕሎቹ ግልጽ፣ ዐረፍተ ነገሮቹም በአመዛኙ የተስተካከሉ ናቸው። ቅሬታችን በስያሜዎቹ ላይ ነው።

ተርጓሚው «ፍሪሲዮን»ን ባዕድ ነው ብሎ በመተው በምትኩ «ማያያዣ» ብሏል። ቃሉ ከጣሊያንኛ እንደመጣ አይካድም። በምንጩ ቋንቋ ሰበቃንም ይህንን የመኪና ክፍልም በአንድነት ይጠራል። አማርኛ ሲዋሰው ግን የወሰደው ሁለተኛውን ፍቺ ብቻ ስለሆነ፣ ቃሉ በእኛ ዘንድ ከምንጩ ይልቅ የጠራ ሆኗል። «ማያያዣ» በአንጻሩ ብሎኑንም፣ ሽቦውንም፣ በሰዋስው ደግሞ ቃልን ከቃል የሚያገናኘውንም ሁሉ ያቅፋል። ከዚህም በላይ አሽከርካሪው ፔዳሉን የሚረግጠው ሞተሩን ከካምቢዮው ለመለየት እንጂ ለማያያዝ አይደለም። ተርጓሚው እንደዚሁ በውሰት የገቡትን «ማርሽ»ን፣ «ጎማ»ንና «ፍሬን»ን ሳይነካ ማለፉ ደግሞ የሚመራበት ደንብ እንደሌለው ያሳያል።

ሁለተኛው «የሞተር መጫኛ» የሚለው ነው። መጫኛ በአማርኛ ጭነት በአጋሰስ ላይ የሚጠፈርበት ጠፍር ወይም ገመድ ነው። «መጫኛው ላልቷል» የሚል ያነበበ ተማሪ ገመድ ቢፈልግ አይፈረድበትም። ባለሙያዎች «ጎሚኒ» የሚሉት የመኪናውን ክፍል ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘውና ንዝረትን የሚያበርደው ላስቲክ ነው። በቮልስ ላይ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሞተሩ በ4 ቦታ በብሎን ታስሮ ከካምቢዮው ጋር ስለሚያያዝ፣ ላስቲኮቹ የሚሸከሙት በቀጥታ ካምቢዮውን ነው። ስለዚህ ትክክለኛው ስያሜ «የካምቢዮ ጎሚኒ» ሊሆን ይገባው ነበር።

ከሁሉ የከፋው የብልሽት ምልክቶች አሰያየም ነው። መምሪያው ፔዳሉ ተረግጦ ሳለ ፍሪሲዮኑ የማይለቅ ሲሆን «ይጎትታል» ይላል። በአማርኛ ግን «መኪናዋ ትጎትታለች» ማለት ምስጋና፣ «አትጎትትም» ማለት ነቀፋ ነው። እንዲሁም መኪናው ሲነሣ የሚያሳየውንም፣ ቆሞ ሳለ ከሞተሩ የሚሰማውንም ያለልዩነት «መንቀጥቀጥ» ብሎታል።

ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም። የራሳችን ቮልስ ከቆመችበት ስትነሣ ትናጥ ስለነበር ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድናት። የነገርነው «ትንቀጠቀጣለች» ብለን ነው። ሞተሩ ወርዶ የፍሪሲዮኑ ሸራ ተለወጠ፤ መናጡ ግን አልቀረም። በኋላ አንድ አረጋዊ መካኒክ በፌሮ ካምቢዮውን ከፍ ዝቅ ቢያደርጉ ጎሚኒው ተቀድዶ ተገኘ። የቮልስ ፍሪሲዮን የሚታዘዘው በገመድ ነው። ላስቲኩ ሲላላ ሞተሩና ካምቢዮው በመነሻ ጊዜ ይወዛወዛሉ፤ በዚህም ገመዱ እየተወጠረና እየረገበ ፍሪሲዮኑን ያዝ ለቀቅ ያደርገዋል። በዚያን ጊዜ «ስትነሣ ብቻ ትንገጫገጫለች፤ ስትቆም ሰላም ናት» ለማለት የሚያስችል የተለየ ቃል ብንጠቀም ኖሮ፣ ሞተሩ ከመውረዱ በፊት ጎሚኒው በታየ ነበር።

ስለዚህ የሚከተለውን እናቀርባለን፦

ሀ) መንሸራተት፦ በአራተኛ ማርሽ ዳገት ሲወጣ ነዳጅ ቢጨመር የሞተሩ ዙር ከፍ እያለ የመኪናው ፍጥነት አለመጨመሩ።

ለ) አለመልቀቅ፦ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ተረግጦ ሳለ ዲስኩ ከሞተሩ ጋር መዞሩን አለማቆሙ፤ ምልክቱ ማርሽ፣ በተለይም የኋላ ማርሽ፣ ሲገባ መፋጨት ነው።

ሐ) መንገጫገጭ፦ ፔዳሉ ቀስ ተብሎ ሲለቀቅ መኪናው እየተናጠ መነሣቱ።

መ) መንቀጥቀጥ፦ መኪናው ቆሞ ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ የሚሰማው ብቻ።

እነዚህ የምልክት እንጂ የምክንያት ስሞች አይደሉም። ዘይት የነካው ሸራ መንሸራተትንም መንገጫገጭንም ሊያመጣ ይችላል። መንሸራተትና አለመልቀቅም ሸራው ሳያልቅ ከፔዳሉ ልልነት ብቻ ሊመጡ ይችላሉ። በቮልስ ይህ ልልነት ከ10 እስከ 20 ሚሊሜትር መሆን ሲገባው፣ ፈጽሞ ከጠፋ ፍሪሲዮኑ ያንሸራትታል፤ ከመጠን ካለፈም አይለቅም። መምሪያው ይህንን «ነጻ ጉዞ» ማለቱ ያለ ክፍያ መሳፈርን ስለሚያስታውስ «የፔዳል ልልነት» ቢባል ይሻላል።

ተርጓሚው የደከመበት ሥራ የሚጣል አይደለም። ዳግመኛ ከመታተሙ በፊት ግን ስያሜዎቹን ይዞ ጋራዥ ገብቶ ከባለሙያዎች ጋር ቢመክር፣ በመጨረሻም ከነፍቻቸው በፊደል ተራ ቢያሰፍራቸው፣ ተማሪውንም የመኪናውን ባለቤትም ከከንቱ ወጪ ያድናል ብለን እናምናለን።