ምስሉ ቀርቧል፤ ቃሉስ?

ጁባ ውስጥ በጀበል ኩጁር ተራራ ግርጌ ድንጋይ ተፈልጦ ጠጠር ይሆናል፤ ጠጠሩም ለከተማይቱ ግንባታ ይጫናል። «ኩጁር» በጁባ ዐረብኛ ከመናፍስት ጋር ይነጋገራል ለሚባል የባህል አዋቂ የተሰጠ ስም ነው። ዓለቱ እየተፈለጠ ሲሄድ ስሙ ያዘለው ትዝታ በምን ይቆያል? በዚህ ስፍራ የሚኖር አማርኛ አንባቢ፣ ከዓለት የተፈለፈሉትን የቻይናን የደንሁዋንግ ዋሻዎች በኮምፒዩተር ሲመለከት ይኸው ጥያቄ ይከተለዋል።

በሞጋኦ ገደል ላይ ከ4ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የቡድሃ እምነት ተከታዮች ዋሻ ሲፈለፍሉና ግድግዳ ሲስሉ ኖረዋል። ሥዕልና ሐውልት ያለባቸው ዋሻዎች 492 ሲሆኑ፣ የግድግዳው ሥዕል ስፋት 45,000 ካሬ ሜትር ይደርሳል። በ1900 ዋንግ ዩዋንሉ የተባለ የታኦ መነኩሴ በመጻሕፍት የተሞላ፣ በግንብ የተዘጋ ክፍል አገኘ። በ1907 ኦሬል ስታይን፣ በ1908 ደግሞ ፖል ፔሊዮ መጥተው ብዙውን ወደ ለንደንና ወደ ፓሪስ ወሰዱት።

የተበተነውን በምስል ለማሰባሰብ ዓለም አቀፉ የደንሁዋንግ ፕሮጀክት በ1994 ተቋቋመ። በ2016 ደግሞ «ዲጂታል ደንሁዋንግ» የ30 ዋሻዎችን ምስል ለሕዝብ ከፈተ። የሥራው ጠቀሜታ ግልጽ ነው። የጎብኚ ትንፋሽና እርጥበት ሥዕሉን ይጎዳዋል፤ ምስሉ ግን ስንት ዐይን ቢያርፍበት አይጎዳም። በዋሻው ጨለማ የማይለይ የብሩሽ ጭረት እንኳ ጎልቶ ይታያል። ጉድለቱም ከዚሁ ይመነጫል። መስኮተ ምስሉ ጣሪያውንና ወለል አጠገብ ያለውን ሥዕል እኩል ያደርጋቸዋል። ወደ ላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ የወረደ ሰው እንደሚያውቀው፣ የዓለት መቅደስ ትርጉም በመውረዱ፣ በመጎንበሱና ዐይን ጨለማውን እስኪለምድ በመቆየቱ ጭምር ይገኛል። ይህን ፎቶግራፍ አያስተላልፍም።

ያም ሆኖ ደንሁዋንግ ለኢትዮጵያ የሚሰጠው ትምህርት ከጉድለቱ ይበልጣል። በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ከዘረፈው ውስጥ ወደ 350 የሚጠጉ ብራናዎች ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። በአገር ቤት በየገዳሙና በየደብሩ ያሉትን በማይክሮፊልም የማንሳት ሥራ በ1973 ተጀምሮ ከ9,000 በላይ መጻሕፍት ተቀድተዋል። ቅጂያቸው በአሜሪካ ሚኒሶታ ይገኛል፤ በ2021 ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለብዙዎቹ ዝርዝር መግለጫ ጽፈዋል። ይህ ድካም ባይኖር የግእዝ ሥነ ጽሑፍ ጥናት ዛሬ ካለበት ባልደረሰ ነበር። ነገር ግን መግለጫው የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። የደንሁዋንግ ምስል ለባለቤቶቹ በቻይንኛ ሲቀርብ፣ ብራናውን አውጥቶ ያስነሣው የደብር አለቃ ግን ስለ ራሱ መጽሐፍ የተባለውን ለማንበብ ባዕድ ቋንቋ ያስፈልገዋል።

ሁለተኛም አደጋ አለ። በ2023 መገባደጃ ብሪቲሽ ላይብረሪ በኮምፒዩተር ሰርጎ ገቦች ሲጠቃ፣ በኢንተርኔት ይታዩ የነበሩት ብራናዎች ለረዥም ጊዜ ከተመልካች ተሰወሩ። በአንድ ቤት ብቻ የተቀመጠ ምስል፣ በአንድ ቤት ብቻ ከተቀመጠ ብራና ብዙም የተሻለ ዋስትና የለውም። እንግዲህ ምስል መላክ መጽሐፍ መመለስ ተደርጎ ሊቆጠር አይገባም፤ ቅጂውም ባለቤቱ ዘንድ፣ በባለቤቱ ቋንቋ ተብራርቶ ካልተቀመጠ ግማሽ ሥራ ነው።

ስለ ጀበል ኩጁርም ነገሩ ያው ነው። ተራራውን ፎቶግራፍ ማንሳት ቀላል ነው። ስሙ ከወዴት እንደመጣ የሚያውቁ ሽማግሌዎች በራሳቸው አንደበት የሚናገሩት አብሮ ካልተቀረጸ ግን፣ ለመጪው ተመልካች ምስሉ የድንጋይ ምስል ብቻ ይሆናል።