የድምፅ ቅንጣትና የሩቅ ዓለም ድባብ

የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም የድምፅ ባለሙያውን ከከባድ ጥያቄ ፊት ያቆመዋል። የሰው እግር ያልረገጠው ፕላኔት ነፋሱ ምን ዓይነት ድምፅ አለው? ለዓይን የሚታየውን እንግዳ ዓለም ሠዓሊውና አናጺው ያቆሙታል፤ ለጆሮ የሚሰማውን ግን ሄዶ የሚቀዳ የለም። ለዚህ ጥያቄ ከተሰጡት መልሶች አንዱ ግራኑላር ሲንተሲስ፣ ማለትም ድምፅን ከደቃቅ ቅንጣቶች የማቀናበር ዘዴ ነው።

ሃንጋሪ የተወለደው የፊዚክስ ሊቅ ዴኒስ ጋቦር፣ ድምፅ እንደ ቅንጣቶች ስብስብ ሊታይ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አስረድቷል። በዘዴው የአንዱ ቅንጣት ዕድሜ በአብዛኛው ከ1 እስከ 100 ሚሊሰከንድ ነው። ብቻውን ሲሰማ ከጠብታ አይበልጥም። አንዲት የጤፍ ፍሬ ስትወድቅ የሚሰማት የለም፤ ጆንያው ሲገለበጥ ግን ቤቱን ይሞላዋል። በሰከንድ ጥቂት ቅንጣቶች ቢደረደሩ ጆሮ አንድ በአንድ ይቆጥራቸዋል፤ በመቶና በሺህ ሲበዙ ቆጠራው ይቀርና ደመና ይሆናሉ። መጠን ዓይነትን የሚለውጥበት ሕግ እዚህ ላይ በጆሮ ይሰማል።

የዚህ አስተሳሰብ ታላቅ አብነት ያኒስ ዜናኪስ ነው። «ኮንክሬት ፒ.ኤች.» የተሰኘው አጭር ሥራው እ.ኤ.አ. በ1958 በብራስልስ የዓለም ኤግዚቢሽን፣ እሱው ራሱ ከለ ኮርቡዚየ ጋር በነደፈው የፊሊፕስ አዳራሽ ተሰማ። ጥሬ ዕቃው የሚነድ ከሰል ነበር። ደራሲው የከሰሉን ስንጠቃ በማግኔት ክር ቀድቶ፣ ቆራርጦና ደራርቦ ብርጭቆ የሚዘንብ የሚመስል ድምፅ አወጣ። ሥራው ለፊልም የተዘጋጀ አይደለም፤ ይሁንና የሌላ ዓለም አየር ይነፍስበታል። ዜናኪስ በናዚ ወረራ ዘመን በአቴንስ የተቃውሞ ትግል የተሳተፈ ሰው ነበር። የብዙኃን ድምፅን ሲያስረዳ የበረዶ ውርጅብኝንና የሰልፈኛን መፈክር በምሳሌነት ማንሳቱም ካሳለፈው ሕይወት ጋር ይስማማል።

ካናዳዊው ባሪ ትሩዋክስ እ.ኤ.አ. በ1986 ባቀረበው «ሪቨረን» በተቃራኒው አቅጣጫ ተጓዘ። ኮምፒዩተር የፈጠራቸው ቅንጣቶች እንደ ጠብታ ይጀምሩና እየበዙ የወንዝ ጎርፍ ይሆናሉ፤ በሥራው ውስጥ ግን አንዲት እውነተኛ የውሃ ጠብታ የለችም። ዜናኪስ የታወቀውን ከሰል እንግዳ አደረገው፤ ትሩዋክስ እንግዳውን ቅንጣት ወደሚታወቀው ወንዝ መለሰው። ሁለቱም ያዳመጡት ግን አንድ ነገር ነው፤ ቁስ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ።

ዛሬ ይህ ሁሉ በግል ኮምፒዩተር በደቂቃዎች ይሠራል። የአንድ ሰከንድ ትንፋሽ ቃናው ሳይወርድ ደቂቃ ሙሉ ይዘረጋል። ችግሩም ከዚሁ ቅለት ይመነጫል። ማንኛውም ድምፅ ተፈጭቶ ከተዘረጋ ጭጋግ መሆኑ አይቀርም፤ ጭጋግ ደግሞ ሁሉም አንድ ነው። ፕላኔቱ ቢለወጥ፣ መርከቧ ብትለወጥ፣ የሚሰማው ያው ወፍራም እምምታ ይሆናል። እንዲህ ያለው ድምፅ ተመልካቹን ያደነዝዘዋል እንጂ አያስደንቀውም፤ የታሪኩንም ባዶነት ይሸፍናል።

እንግዳነት ሕይወት የሚኖረው ከታወቀ ነገር ጠልቆ ሲቀዳ ነው። የድምፅ ባለሙያው በቅንጣቶቹ ብዛት፣ ርዝመትና አወራረድ ላይ ከመፍረዱ በፊት፣ የመረጠው ነገር ከሰል ይሁን ብረት ወይም የሰው ትንፋሽ፣ እንዴት እንደሚሰነጠቅ፣ እንደሚፋጭና እንደሚያልቅ ማወቅ አለበት። አድማጭ ሰምቶት የማያውቀውን፣ ሆኖም ሊክደው የማይችለውን ድምፅ የሚያገኘው ከዚህ ዓይነቱ ትጋት ነው። መሣሪያው ቅንጣቱን ይፈጫል፤ እህሉን መምረጥ የከያኒው ኃላፊነት ነው።